ከጉቶ የሚነሣ ልምላሜ፦ በደረቅ ወይና ደጋ አገር በቀል ቁጥቋጦን መልሶ የማቋቋም መመሪያ

ቁጥቋጦ የሚባለው ከሥሩ አካባቢ በርካታ ግንዶችን የሚያወጣ፣ ቁመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሜትር የማያልፍ እንጨታማ ተክል ሲሆን፣ በተራቆቱት የሰሜን ኢትዮጵያ ተዳፋቶች ላይ እስከ ዛሬ የቆመው የተፈጥሮ ሽፋን በአብዛኛው ይኸው ነው። በዘልማድ ግን ደን ለመባል ያልበቃ፣ ለእርሻም ለግጦሽም የማይመች፣ በተሻለ ነገር እስኪተካ ድረስ ቦታ ይዞ የቆመ ነገር ተደርጎ ስለሚታይ፣ ብዙ የችግኝ ተከላ የሚጀምረው እሱን ከመመንጠር ነው። ይህ መመሪያ አሠራሩ ስሕተት ነው ከሚል አቋም ይነሣል፤ በደረቅ አካባቢ ለዛፍ ችግኝ ሞግዚት የሚሆነው፣ ጎርፍን የሚያዘገየውና አፈርን የሚያቀዘቅዘው ያ የተናቀው ቁጥቋጦ ነውና።

መመሪያው በተለይ የሚመለከተው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙትን፣ በዓመት በአብዛኛው ከ450 እስከ 700 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚያገኙትን የዋግ ኽምራ፣ የትግራይና የመሰሎቻቸውን ደረቅ ወይና ደጋ ተዳፋቶች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠራቅሞ በኃይል ስለሚወርድ፣ ራቁቱን የቀረ ተዳፋት ሳይጠጣው አፈሩን ጭምር ይዞ ወደ ተከዜ ይነጉዳል። ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥን የመቋቋም አቅም ሲባል፣ በዚህ አገባቡ፣ መሬቱ ብዙ ዝናብ እንዲያገኝ ማድረግ ሳይሆን፣ ያገኘውን ይዞ የማቆየት፣ ከድርቅ ዓመት በኋላም ሳይሞት የማንሠራራት ችሎታውን መመለስ ማለት ነው።

ቁጥቋጦው ይህን እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት በግንቦት ቀትር አንድ ደዶሆ ሥር እጅን ማስገባት ይበቃል። ከጥላው ውጭ ያለው መሬት ቅርፊት ይዞ እንደ ሸክላ የደረቀና ለመዳፍ የሚያቃጥል ሲሆን፣ ከጥላው ሥር ግን የረገፈ ቅጠል ንብርብር፣ ከሱ በታችም ጠቆር ያለና በጣት የሚፈረፈር አፈር ይገኛል፤ ምስጦችና ሥሮች የሸነቆሩት ይህ አፈር ዝናብ ሲመጣ ውሃውን በቀላሉ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በዚያው ንብርብር ውስጥ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ አርፋ ከኩሷ ጋር የጣለችው የወይራ ፍሬ ሁለት ጠንካራ ቅጠሎችን አውጥቶ ሊታየው ይችላል። በትግራይ ከንክኪ በተከለሉ ቦታዎች የተደረገ ጥናትም የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲተከል በገላጣ መሬት ላይ ከተተከለው በተሻለ ሁኔታ እንደሚጸድቅ አሳይቷል። ደዶሆና ክትክታ ቅጠላቸው ለከብትና ለፍየል የማይጥም መሆኑም ሌላ ጥቅም አለው፤ ከብት የማይደፍረው ቁጥቋጦ በጉያው የያዘውን ችግኝም ከአፍ ያድናል።

መሬቱን ማንበብ

የመጀመሪያው ሥራ ቆፍሮ መትከል ሳይሆን ዞሮ ማየት ነው። ቦታውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በግንቦት ድርቀቱ በበረታበት፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ጣል ሲያደርግ በእግር ማካለል ያስፈልጋል፤ የግንቦቱ ጉዞ በሕይወት የቀረውን ተክል፣ የነሐሴው ጉዞ ደግሞ ጎርፉ የሚነሣበትንና የሚሰበሰብበትን ቦታ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ መፈለግ ያለበት ጉቶ ነው። ጉቶ ማለት ተቆርጦ ከመሬት ጋር የተስተካከለ ነገር ግን ሥሩ ያልሞተ የተክል ቅሪት ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚያወጣው ቀንበጥ በፍየል ስለሚቀነጠብ ከሩቅ ሲታይ ሣር ይመስላል። ዕድሜ ጠገብ ሥር ያለው ጉቶ ከማንኛውም ችግኝ ይልቅ ድርቅን ይችላል፤ ስለዚህ ጉቶ የበዛበት ቦታ ለተከላ ገንዘብ የሚወጣበት ሳይሆን ለጥበቃ ቅድሚያ የሚሰጠው ቦታ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የአፈሩን ጥልቀት በድጅኖ መሞከር፣ የቦረቦሮችን አናት መለየት፣ በአቅራቢያው ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ገደላማ ቦታ ላይ የተረፈ ጥሻ ምን ያህል እንደሚርቅ መመዝገብ ይገባል፤ የዘርም የወፍም ምንጭ እሱ ነውና። የአካባቢው ሽማግሌዎች በልጅነታቸው የትኛው ተክል የት ይበቅል እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እነሱ ባያስታውሱ እንኳ ዛሬ አንድም ወይራ የማይታይበት ኮረብታ በወይራ ስም ሲጠራ መስማት የተለመደ ነው፣ የቦታ ስም ከብዙ መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። የተክሎቹን ዝርዝር በአካባቢው ስም መያዝ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንድ ተክል ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል፣ ለምሳሌ ክትክታ በትግርኛ ታሕሰስ እንደሚባል፣ አለዚያ ዝርዝሩ በስም ብቻ እንደሚያብጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከንክኪ ነፃ ማድረግና ስምምነቱ

ሁለተኛው እርምጃ በባለሙያዎች ዘንድ ‹ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ› የሚባለው፣ በትግራይ ደግሞ ሕዛእቲ በሚል የቆየ ስም የሚታወቀው ሥራ ነው። ትርጉሙ ቦታውን ለተወሰኑ ዓመታት ከልቅ ግጦሽና ከእንጨት ቆረጣ መከልከል ሲሆን፣ ከጠቅላላው ሥራ እጅግ ከባዱ፣ ውጤቱም የሚወሰንበት ይህ ነው። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ የተተከሉና የተከለሉ ብዙ ኮረብታዎች በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በጥቂት ወራት ውስጥ መመንጠራቸው የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ የኔ ያላለውን ደን ጠባቂው የሄደ ዕለት ይቆርጠዋል።

ስለዚህ ክለላው ከመታወጁ በፊት በቦታው የሚጠቀሙ ሁሉ፣ በተለይም እንጨት ለቃሚ ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ ተሰብስበው ውስጠ ደንብ ሊያወጡ ይገባል። ውስጠ ደንብ ማለት ማኅበረሰቡ ራሱ ያወጣው፣ ድንበሩን፣ ቅጣቱን፣ የጠባቂውን ክፍያና የጥቅም ክፍፍሉን የሚወስን የጽሑፍ ስምምነት ነው። ሣሩ የከብት አፍ ሳይገባበት በዓመት አንድ ጊዜ ታጭዶ የሚወሰድበት ሥርዓት፣ ማለትም ‹አጭዶ መውሰድ›፣ በደንቡ ውስጥ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም ከክለላው ቶሎ የሚገኘው ጥቅም ሣር ነው፣ ሣር ያላየ ሰው ደግሞ ዐሥር ዓመት እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ባለቤትነት ዓይነት ስለሚያውቅ፣ ስምምነቱን ቀበሌው ዘንድ ማስመዝገብና ቦታውን በማኅበረሰቡ ስም ማጽናት በኋላ ከሚነሣ የይገባኛል ጥያቄ ይጠብቃል።

የከብት መተላለፊያና የውሃ መውረጃ መንገድ መተው፣ ቦታውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በክፍል በክፍል መከለልም ይመከራል፤ ያለውን ግጦሽ በሙሉ በአንድ ቀን የሚዘጋ ክለላ ከብቱን ወደ ጎረቤት ተዳፋት ገፍቶ እዚያ ያለውን ያጠፋልና። ማገዶም እንዲሁ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውለው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ክለላውንና ምድጃውን አብሮ ማቅረብ ከአንድ ተጨማሪ ዘበኛ ይሻላል።

ውሃን ማቆም

በጥርና በየካቲት፣ የመኸሩ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ የአፈርና ውሃ ሥራው ይሠራል። ሥራው የሚጀመረው ከተፋሰሱ አናት ነው፤ ከታች የተጀመረ ክትር ከላይ በሚመጣ ጎርፍ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይጠረጋል። የእርከኑ መስመር በውሃ ልክ ወይም የኤ ፊደል ቅርጽ ባለው የእንጨት መለኪያ በትክክል መውጣት አለበት፣ በዓይን ግምት የተሠራ እርከን ውሃውን ወደ አንድ ጫፍ ሰብስቦ አዲስ ቦረቦር ይፈጥራልና።

ለቁጥቋጦ ተከላ የሚመቸው ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ይህም ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ዳገቱ የተዘረጉ፣ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ስፋት ያለው፣ ከታች በኩል በድንጋይ ወይም በአፈር የተገደበ የውሃ ማቆሪያ ሲሆን፣ የአንዱ ትራፊ ውሃ በሚቀጥለው እንዲያዝ በዚግዛግ ይደረደራል። ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ገደብ አለ፦ እርከኑ ቁጥቋጦውን ያልፋል እንጂ ቁጥቋጦው ለእርከኑ አይነቀልም። መስመሩ በአንድ ክትክታ ምክንያት ግማሽ ሜትር ቢጠማዘዝ የሚያስቀይመው ሥራውን የሚለካውን ሰው ብቻ ነው። ቀድሞውኑ በጥሩ ሁኔታ ቁጥቋጦ በያዘ ቦታ ላይ ሰፊ ቁፋሮ ማካሄድ ሥርን ከመበጠስ በቀር ትርፍ ስለሌለው መተው ይሻላል።

ጉቶውን ማሳደግ

ቦታው ከተከለለ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ፣ ሳይሞት የኖረው ጉቶ በአንድ ጊዜ ከዐሥር የሚበልጡ ቀንበጦች ሊያወጣ ይችላል። በደረቁ ወራት፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ጠንካሮቹንና ቀጥ ያሉትን ከሦስት እስከ አምስት መርጦ ሌሎቹን በስለታም መጋዝ ወይም መቀስ መቁረጥ፣ የተመረጡትንም የጎን ቅርንጫፎች እስከ ቁመታቸው ግማሽ ድረስ መግረዝ ይገባል፤ በደነዘዘ ማጭድ የተቀደደ ቆዳ በሽታ ይገባበታል። ይህ ለግራርና ለወይራ የሚሠራ ሲሆን፣ አጋም፣ ደዶሆና ቀጋ በጥሻነታቸው ስለሚጠቅሙ ወደ አንድ ግንድ ለማምጣት መሞከር አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ በምሁራን ዘንድ በአርሶ አደር የሚመራ የተፈጥሮ መልሶ ማገገም ይባላል። አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በኒጀር ያስፋፋው ሲሆን፣ በሥራውም እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። በኢትዮጵያም በወላይታ ሑምቦ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በአብዛኛው በዚህ መንገድ፣ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ጉቶን በመንከባከብ፣ ተመልሶ ለምልሟል። ሑምቦ ከዋግ የተሻለ ዝናብ ያገኛል፤ ዘዴው በደረቁ ሰሜን ሲተገበር ውጤቱ ዘገምተኛ ይሆናል እንጂ መርሑ አይለወጥም።

ዘርና ችግኝ ጣቢያ

ተከላ የሚያስፈልገው ጉቶም ዘርም በጠፋበት ቦታ ብቻ ነው፤ ይህም ማሟያ ተከላ ይባላል። ዘሩ ከሌላ አየር ንብረት ከመጣ ስለማይላመድ፣ ከተቻለ ከዚያው ተፋሰስ ወይም በከፍታና በዝናብ ከሚመስለው ጎረቤት፣ ተራርቀው ከቆሙ ቢያንስ ሠላሳ እናት ተክሎች መሰብሰብ አለበት። ከሁለትና ሦስት ተክል ብቻ የተለቀመ ዘር የዘር ስብጥሩ ጠባብ ስለሚሆን አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ ድርቅ ሙሉውን ሊወስደው ይችላል። ከእያንዳንዱ ተክል ላይ ለወፍ የሚበቃ ፍሬ መተው ግዴታ ነው፤ ወፍ ደመወዝ የማይከፈላት ተካይ ናት።

አያያዙ እንደየተክሉ ይለያያል። የክትክታ ፍሬ ክንፍ ያለው ወረቀት መሳይ ሽፋን ሲሆን፣ ቀይ መልኩ ወደ ቡናማ ሲለወጥና በጣት ሲታሽ ሲንኮሻኮሽ ደርሷል፤ ጥቃቅን ጥቁር ዘሮቹ ቆዳቸው ውሃ ስለማያስገባ ከመዘራታቸው በፊት ለአፍታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነከሩ አበቃቀላቸው ይሻሻላል። የግራር ዘር ደግሞ ጠንከር ያለ ነው፤ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውሃ ተነክሮ ውሃው እስኪቀዘቅዝ፣ በአብዛኛውም እስከ ማግሥቱ ድረስ ይቆያል፣ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ይነከራል። የወይራ ፍሬ ሥጋው ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ድንጋያማ ቅርፊት ውስጡን ሳይነካ ጫፉ በጥንቃቄ ካልተሰበረ መብቀያው ይዘገያል። አጋምና ኮሽም በተቃራኒው መከማቸት አይወዱም፤ ፍሬው እንደበሰለ ሥጋው ታጥቦ ወዲያውኑ መዘራት አለበት። በገበያ ላይ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠውን አጋም ገዝቶ፣ ከልጆች የተረፈውን ፍሬ ለመደብ ማዋል የማያሳፍር ዘዴ ነው።

መደቡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ተዘርቶ፣ ችግኙ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ከተዛወረ በኋላ የሥሩ ጫፍ ከከረጢቱ እንዳይወጣ በየጊዜው ይቆረጣል። ችግኝ ጣቢያዎች በተደጋጋሚ የሚሠሩት ስሕተት ውሃ ማብዛት ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ጠዋትና ማታ ሲጠጣ የኖረ ለምለም ችግኝ ተራራ ላይ ሲወጣ በሳምንት ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ከተከላው በፊት ባለው ወር ጥላው ቀስ በቀስ እየተነሣ፣ ውሃውም እየተቀነሰ መጠንከር አለበት። ከወይራ፣ ከግራርና ከጽድ ችግኝ ጎን ለጎን ንብ የሚወዳቸውን ቁጥቋጦዎች፣ ለምሳሌ በትግርኛ ተበብ የሚባለውንና የትግራይን ነጭ ማር ከሚሰጡት ተክሎች አንዱ የሆነውን፣ እንዲሁም ለጋንና ለማሰሮ ማጠኛ የሚፈለገውን ጥንጁት ማፍላት ለቤተሰብ ገቢ ይጠቅማል። ቀጋም መረሳት የለበትም፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ እሱ ነው።

በሞግዚት ሥር መትከል

ተከላው የሚካሄደው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ አፈሩ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ሲርስ ነው፤ በሰሜኑ ይህ ብዙ ጊዜ ሐምሌ አጋማሽ ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ዝናብ ተጣድፎ መትከልም ሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማቆየት ችግኙ ሥር ሳይሰድ በጋ እንዲደርስበት ያደርጋል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በገላጣው መሀል ሳይሆን በቆመ ቁጥቋጦ የጥላ ጠርዝ ላይ፣ በዳገቱ በኩል ነው፤ ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ቅጠልና ደለል የሚያርፈው እዚያ ነውና። የሞግዚቱን ሥር ላለመበጣጠስ ጉድጓዱ ችግኙን ከሚችል በላይ መስፋት የለበትም፤ ለሰፊ ጉድጓድ የወጣው የተለመደ መለኪያ ለገላጣ መሬት እንጂ ለዚህ አይደለም። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ተቀዶ ይወጣል፣ ተሰብስቦም ይመለሳል፣ የችግኙ አንገትም ከመሬቱ እኩል ሆኖ በደረቅ ሣርና በጠጠር ይሸፈናል።

ችግኙ ከሞግዚቱ በላይ አናቱን ሲያወጣ፣ ይህም ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ቁጥቋጦው ብርሃኑን ከከለከለው ያን ጊዜ ብቻ ጥቂት ቅርንጫፍ ይገረዝለታል። ክትክታ ወይም ደዶሆ እጅግ ተጨናንቆ ሣሩን ካጠፋም እንዲሁ ማሳሳት ይቻላል፤ የተቆረጠውም ለማገዶ ለስምምነቱ አባላት ይከፋፈላል።

መጠበቅ ያለባቸው

ከፍየል ቀጥሎ የሚያሠጋው መጤ ወራሪ ተክል ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ወደ አፋር የገባው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የግጦሽ መሬቱን ወርሮ አርብቶ አደሩን ያፈናቀለ መሆኑ፣ ‹ድርቅ ይችላል› የሚለው ብቻ ተክልን ለመምረጥ እንደማይበቃ ያሳያል። በተከለለው ቦታ የወፍ ቆሎ ወይም ፓርቲኒየም ሲታይ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ መነቀል አለበት። በሕዳርና በታኅሣሥ የደረቀው ሣር እሳት እንዳይዘው ደግሞ በድንበሩ ላይ ሣሩን ቀድሞ ማጨድ በቂ መከላከያ ይሆናል። ለአጥር ሽቦ ገንዘብ ከሌለ ቅንጭብ፣ ሬትና የአጋም እሾህ ይበቃሉ፤ ጥሩ ስምምነት ባለበት ቦታ ደግሞ አጥርም አያስፈልግም። በክልተ አውላዕሎ የምትገኘው አብርሃ ወአጽበሃ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኘችው ተራራዋን በሽቦ አጥራ ሳይሆን ነዋሪዎቿ ተስማምተው በመሥራታቸው ነው።

ውጤቱ የሚለካው በሐምሌ በተተከለው ቁጥር አይደለም። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ መሬቱ በጣም በተጎዳበት ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ድንጋይ ላይ በተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ ማንሣት፣ በተመረጡ ጥቂት መስመሮች ላይ የቆሙ ችግኞችንና ያቆጠቆጡ ጉቶዎችን መቁጠር፣ ሰው ያልተከለው አዲስ ቡቃያ በቁጥቋጦ ሥር መኖር አለመኖሩን መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጥ ምልክት ነው፣ መሬቱ ራሱን መትከል እንደጀመረ ያሳያልና። ለመጪው ክረምት ችግኝ ያዘጋጀ ማኅበርም ችግኙን ከጣቢያው ከማውጣቱ በፊት በቦታው የቆመውን ደዶሆና ክትክታ አይመንጥር፤ ጉድጓዱን በጥላቸው ሥር ይቆፍር።